እብጠቱን ከበው የቆሙት

ከባለቤቴ ከነዚፍ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ሥራ የጓሮ በራችንን ማቃናት ነበር። ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ያለው ቤታችን ክረምት ሲመጣ የጓሮ በሩ ያብጥና መሬቱን ይታከካል። እሱ ተንበርክኮ ማጠፊያውን ይፈታል፤ እኔ በሩን በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ ይዣለሁ።

«ከፍ አድርጊው» አለኝ።

«አድርጌዋለሁ።»

«ትንሽ ጨምሪ።»

«ከዚህ በላይ ከጨመርኩ በሩን ሳይሆን ጣሪያውን ነው የማነሳው!»

«ሠራተኛዬ ብትሆኚ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን አባርርሽ ነበር» አለና ሳቀ። ብሎኑን አጠበቀ፤ ማጠፊያውን ግሪስ ቀባው፤ በሩን ሁለቴ ከፍቶ ዘጋና እጁን ሊታጠብ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት በትኩሳት ተንቀጠቀጠ። ሆስፒታል ወሰድነው፤ ወደ ቤት አልተመለሰም።

ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት በዒዳ ወራት ነው፤ ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት ቤቷ በምትቀመጥበት በአራት ወር ከአሥር ቀን ውስጥ። በቀን ግማሽ ገጽ ከጻፍኩ በቂ ነው እላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት አስተማሪ ነበርኩ፤ ለጎረቤት ማመልከቻ፣ ለተማሪ ወላጅ ደብዳቤ ስጽፍ ኖሬያለሁ። የራሴን ስጽፍ ግን እጄ ይከብደኛል። ቢሆንም እጨርሰዋለሁ፤ ምክንያቱም እኛ አምስት ወር አባክነናል። የባከነውም በሐኪም እጦት ወይም በመንገድ ርቀት አይደለም፤ በአንድ ቃል ነው።

ነዚፍ የቡና መፈልፈያ ማሽን ጠጋኝ ነበር። እሸት ቡና ሲደርስ የማጠቢያ ጣቢያዎች ሁሉ ይፈልጉታል፤ ዛሬ ሊሙ ገነት፣ ነገ አጋሮ ያድራል። ማሽኑን ሳይፈታ ቆሞ ድምፁን ብቻ ሰምቶ «ይሄ ቺንጋው ላልቷል» ይል ነበር፤ ተፈትቶ ሲታይም እንዳለው ይሆናል።

የመጀመሪያው ምልክት ማሳከክ ነው። ከአዝመራው መሀል ከሊሙ ገነት ሲመጣ እግሩን እስኪደማ ያክ ነበር። «የቡና ገለባ ነው» አለ፤ እኔም አመንኩ። ሽፍታ ግን አልነበረውም። ቀጥሎ በግራ በኩል፣ ከአንገቱ ሥር እብጠት ወጣ። በጣት ሲነኩት ይንቀሳቀሳል፤ አያምም። «ካላመመኝ ምን አለበት?» ይለኝ ነበር። ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ የማያም እብጠት ሰላማዊ ነው ብላችሁ አትተዉት። እኛን ያዘናጋን አለማመሙ ነው።

ሥራ ላይ ሳለ አንድ መድኃኒት ቤት ገብቶ ለማሳከኩ መርፌ ተወጋ። በሳምንቱ እብጠቱ ሟሸሸ። ምን ያህል እንደተደሰትን! ወር ሳይሞላ ግን ተመልሶ መጣ፤ ከጎኑም ሌላ አስከተለ። ያ መርፌ እብጠትን ለጊዜው የሚያሟሽሽ ዓይነት እንደሆነና እንዲህ ያለውን በሽታ ሊደብቅ እንደሚችል የሰማነው ብዙ ቆይተን ነው።

እዚያው ጅማ አንድ ክሊኒክ ሄድን። በቀጭን መርፌ ከእብጠቱ ናሙና ወሰዱ፤ ውጤቱ ግልጽ አልነበረም። ሐኪሙ «የእጢ ቲቢ ይመስላል» አለን። አልፈርድበትም፤ በእኛ አገር የአንገት እብጠት ብዙ ጊዜ ቲቢ ሆኖ ይገኛል። መድኃኒቱ ተጀመረ፤ በየወሩም እየሄድን እንታያለን።

አሁን ወደዚያ ቃል መጣሁ።

አግዳሚው ወንበር ላይ ተራችንን ጠብቀን እንገባለን። ሐኪሙ ካርዱን ገልጦ «ኦቦ ነዚፍ፣ እንዴት ነዎት?» ይላል።

«አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።»

«ላብ ያስቸግርዎታል?»

«ሥራ ያለው ሰው ያልበዋል እኮ።»

«የምግብ ፍላጎትስ?»

«ገለታ ረቢ፣ ምስጋና ለፈጣሪ፣ ምን ጎድሎብኝ!»

ሐኪሙ ይጽፋል። የጻፈውን በኋላ አይቼዋለሁ፤ በየወሩ «መሻሻል አለው» ይላል።

በእኛ ዘንድ ሰው «እንዴት ነህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ነጋ» ነው መልሱ፣ በኦሮምኛ ሰላም ነው ማለት ነው። ቤቱ ተቃጥሎም ቢሆን መጀመሪያ «ነጋ» ይላል፤ ፈጣሪውን ያመሰግናል፤ ችግሩ ከዚያ በኋላ ቢነሳ ይነሳል፣ ባይነሳም ይቀራል። ሳያመሰግን «አመመኝ» የሚል ሰው ነውረኛ ነው። ሐኪሙ ስለ ሕመም ጠየቀ፤ ነዚፍ ሰላምታ መለሰ። ሁለቱም ሥራቸውን የሠሩ መስሏቸው ተለያዩ። ይህ አምስት ጊዜ ሆነ።

እኔስ? እኔ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። ሌሊት ላብ እንደሚያሰጥመው አውቃለሁ፤ በየጠዋቱ አንሶላውን አጥቤ የማሰጣው እኔ ነኝ። ምሳውን ሁለት ጊዜ ጎርሶ «ጠገብኩ» ሲል አያለሁ። ግን ባሌን እንግዳ ሰው ፊት «ውሸትህን ነው» ማለት እንዴት ይሆንልኛል? ዝም አልኩ። ዝም ብዬም ቤት ስደርስ ጥቁር አዝሙድ በማር ለወስኩለት፤ ከገበያም አንድ ነጋዴ «የሰውነት መከላከያ አቅም ይጨምራል» ያለኝን ዱቄት በቆርቆሮ ገዛሁ። ጠዋትና ማታ አጠጣዋለሁ። እሱ እንዳይከፋኝ ይጠጣል።

ልጃችን ፎዚያ ከምትማርበት ከተማ ለዕረፍት የመጣች ቀን አባቷን ስማ ወደ ወጥ ቤት ገባችና በሩን ዘጋችብኝ።

«እማ፣ አባዬ ነው ልብሱን የለበሰው ወይስ ልብሱ ነው አባዬን የለበሰው?»

«መድኃኒት እየወሰደ ነው፤ ቲቢ ያከሳል።»

«ያከሳል እንጂ አምስት ወር ሙሉ ያከሳል? ሆስፒታል ካልወሰድሽው እኔ ትምህርቴን ትቼ እወስደዋለሁ።»

በማግስቱ ወደ ሆስፒታሉ ሄድን። ሰው ከግቢው በር ጀምሮ ተሰልፏል። ጥበቃው ነዚፍ ግድግዳ ተደግፎ ሲቆም አይቶ የራሱን ወንበር አውጥቶ ጥላ ሥር አስቀመጠለት። «ተቀመጡ አባቴ፣ እኔ የምጠብቀው በር ነው እንጂ ወንበር አይደለም» አለው። እስከ ከሰዓት ድረስ በእሱ ወንበር ጠበቅን።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ከሰሜን የመጣች፣ ኦሮምኛዋ ከሰላምታ የማያልፍ። «እንዴት ነዎት አባት?» አለችው።

«ደህና ነኝ ልጄ፣ አልሃምዱሊላህ። ቤተሰብ ደህና ነው? ከሩቅ ነው አይደል የመጣሽው?»

እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ መሄድ ጀመረ። እኔ ያየሁት እስክሪብቶውን ነው።

«ደህና አይደለም» አልኩ።

ነዚፍ ዞሮ አየኝ። «ዘይነባ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«ደህና አይደለም። አንሶላው ሌት ሌት ይረጥባል። ቆዳውን እያከከ አቁስሎታል። አይበላም። ቀበቶውን ይዩት ዶክተር።» ተነስቼ ሸሚዙን ገለጥኩት። ቀበቶው ላይ በምስማር የበሳቸው አዲስ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ ሦስት፣ እንደ ሥራው ሁሉ በልክ የተደረደሩ። እኔ ባላየሁ ሰዓት ነው የበሳቸው።

ዶክተሯ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። «አባት፣ ጋደም ይበሉልኝ» አለችው። አንገቱን፣ ብብቱን፣ ሆዱን ዳሰሰች። ብብቱ ውስጥ እኛ ያላወቅነው ሌላ እብጠት አገኘች።

በባጃጅ ተመለስን። የቤታችን በር ላይ ሲደርስ «ቀበቶዬን እንኳ ለሰው አሳየሽ» አለኝ።

«ሱሪህ ከሚወልቅ ይሻላል።»

ሳቁን ሊውጥ ሞከረ፤ አልቻለም።

ዶክተሯ አንዱ እጢ ሙሉውን ወጥቶ መመርመር አለበት አለች። ታላቅ እህቱ ረውዳ ይህን ስትሰማ ከቦሳ ኪቶ ሰፈር እየሮጠች መጣች። «እጢ በምላጭ ከተነካ ይበተናል! ወንድሜን ልትገድሉት ነው?» ብላ ጮኸችብኝ። ብዙ ሰው እንደሷ ያምናል፤ እኔም ልቤ ተከፈለ። ነገሩን የቆረጠው ነዚፍ ነው። «ረውዳ፣ ድምፁን ሰምቼ የምጠግነው ማሽን አለ። ይሄኛው ድምፅ የለውም፤ መፈታት አለበት» አላት። ሁለት ሳምንት አኩርፋን ቆይታ የቀዶ ሕክምናው ቀን ምሳ ቋጥራ መጣች።

ውጤቱ ሆጅኪን ሊምፎማ ሆነ። የእጢዎች ካንሰር ነው፤ ብዙ ሰው በሕክምና የሚድንበት ዓይነት እንደሆነ ዶክተሯ ደጋግማ ነገረችን። ነዚፍ ግን ስሙ አላጠገበውም፤ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ፈለገ። እሷም አንድ ወረቀት ገልብጣ ሣለችለት፤ መሀል ላይ ሁለት ሦስት ትልልቅ ነጥቦች፣ ዙሪያውን ብዙ ትንንሽ ክቦች።

«እነዚህ ትልልቆቹ ካንሰሩ ናቸው። እንደሚያዩት ጥቂት ናቸው። ይሄ ሁሉ የቀረው ምን ይመስልዎታል?»

«እሱም ካንሰር።»

«አይደለም። የእርስዎ የራስዎ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። አንገትዎ ላይ የሚዳስሱት እብጠት አብዛኛው የራስዎ ተከላካይ ነው። ሊዋጉ መጥተው ከበው ቆመዋል።»

«ከበው ቆመው ምን ይጠብቃሉ?»

«እሱ ነው ጥያቄው። ከነጭ ሴሎች መካከል ሥራቸው ሌሎቹን ማብረድ የሆነ አሉ፤ ተቆጣጣሪ ሴሎች እንላቸዋለን። እነሱ ባይኖሩ ተዋጊዎቹ ጠላት ካለቀ በኋላም አያቆሙም፤ የራስዎን መገጣጠሚያ፣ የራስዎን አንጀት ያጠቁ ነበር።»

«ፍሬን ናቸዋ።»

«አዎ፣ ልክ እንደ ፍሬን።»

«እሺ፣ ፍሬን ከሆነ ማን ረገጠው?»

ዶክተሯ ሳቀች። «ተማሪዎቼ እንዲህ አይጠይቁኝም! ካንሰሩ ነው የረገጠው። መልእክት የሚሆን ንጥረ ነገር እየረጨ ተቆጣጣሪዎቹን ይጠራቸዋል፤ አጠገቡ ያቆማቸዋል። እነሱም ለተዋጊዎቹ ‹ሰላም ነው፣ ተረጋጉ፣ እዚህ ምንም የለም› ይላሉ። ተዋጊዎቹ ደግሞ ያምኗቸዋል፤ ሁልጊዜ የሚያምኗቸው ናቸውና።»

ነዚፍ ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እንደኔ ነዋ» አለ። «ሰውየው ታሞ እየሞተ ‹ነጋ፣ ነጋ› ይላል።» ለመቀለድ ብሎ ነበር።

እኔ ያን ቆርቆሮ አሰብኩ። «ዶክተር፣ የመከላከያ አቅም ይጨምራል ያሉኝን ዱቄት እሰጠዋለሁ» አልኳት።

«እትዬ ዘይነባ፣ እኚህ ሰው የተዋጊ እጥረት የለባቸውም። የቆሙት እንዲቆሙ ስለተነገራቸው ነው። ዱቄቱን ያምጡና ልየው፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን አይስጧቸው፤ ከመድኃኒታችን ጋር ሊጣላ ይችላል።» ፍሬኑን የሚያነሱ አዳዲስ መድኃኒቶች በሌላው ዓለም እንዳሉ፣ እኛ ዘንድ ግን በቀላሉ እንደማይገኙ ነገረችን። እኛ የምንጀምረው የቆየውን ነው፤ ካንሰሩን በቀጥታ የሚገድለውን። «የቆየ ቢሆንም ብዙ ሰው አድኗል» አለች።

ስድስት ወር፣ በየሁለት ሳምንቱ። ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ቀይ ነው፤ ነዚፍ «ናፍታ» ይለው ነበር። ፀጉሩ ረገፈ፤ አፉ ቆሰለ። አንዳንዴ መድኃኒቱ ይጠፋና ፎዚያ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ታስልካለች። የሌሊቱ ፍርሃት የሚቀለኝ አንሶላው ደረቅ ሆኖ ሲነጋ ብቻ ነበር፤ ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ደረቅ ሆኖ ነጋ።

መድኃኒቱን በሚወስድበት ክፍል ከአጋሮ የምትመጣ ሰዓዳ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ሕመሟም የነዚፍ ዓይነት። የክፍሉ ሰው ሁሉ «ሬዲዮ» ይላታል። መርፌው ያማታል፣ አልጋው ያማታል፣ የጎረቤት ሳል ያማታል፤ ሁሉንም ትናገራለች።

«ኦቦ ነዚፍ፣ እርስዎ እብጠቱ ከወጣ በኋላ ስንት ጊዜ ቆይተው መጡ?» አለችው አንድ ቀን።

«ስምንት ወር ገደማ።»

«ስምንት ወር! እኔ ሦስተኛው ሳምንት ላይ አጋሮን በጩኸት አናውጬ ነው የመጣሁት። ባሌ ‹የፈለግሽበት ይውሰዱሽና ልተኛ› ብሎ ነው የላከኝ።»

«ባልሽ እውነቱን ነው። እኔም ካንቺ ጩኸት ለማምለጥ ስል ነው ቶሎ የምድነው።»

ከሷ ግን አንድ ነገር ተማረ። ነርሷ «እንዴት አደሩ?» ስትለው ጣቱን ያነሳል፤ «ቆይ፣ መጀመሪያ የሚያመኝን ልንገርሽ፤ ከዚያ አመሰግናለሁ» ይላል። እንዲህም ቢል ምስጋናው አልቀነሰም።

እብጠቱ ጠፋ። ክብደቱ ተመለሰ። የሚቀጥለውን አዝመራ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ሠራ። ከሊሙ ገነት ሲደውልልኝ ከኋላው ማሽኑ ይጮኻል፤ ከማሽኑ በላይ እየጮኸ «ዛሬ ሁለት ሳህን በላሁ!» ይለኛል። ስለ በሽታው ስጽፍ ያን አዝመራ መዝለል አልፈልግም። ሕክምናው የሰጠን ነው፤ ሙሉ ነበር።

በዓመቱ እብጠቱ ብብቱ ውስጥ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ አልደበቀም፤ ያገኘው ቀን ነገረኝ፣ በማግስቱ ዶክተሯ ፊት ነበርን። ሁለተኛው መድኃኒት ከመጀመሪያው ይጠነክራል፤ ካንሰሩን ሲመታ ነጭ ሴሎቹንም አብሮ ይቀንሳቸዋል። በሦስተኛው ዙር፣ ሴሎቹ እጅግ ባነሱበት ሳምንት፣ ትኩሳቱ ያዘው። ሦስት ቀን ታገሉለት። ያ ጥበቃ ወንበሩን እንዳወጣለት ያለ ቸርነት በነዚያ ሦስት ቀናትም ከብዙ ሰው አይተናል፤ ረውዳ ከአልጋው አልተለየችም።

ከቀብሩ በኋላ ዶክተሯ ቤት ድረስ መጣች። የምፈራውን ጠየቅኳት። «አምስቱ ወር ባይባክን፣ እኔ መጀመሪያውኑ ብናገር፣ ይድን ነበር?»

«አላውቅም» አለችኝ። «ስናገኘው ሦስተኛ ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። ቀድመን ብናገኘው ዕድሉ ይሰፋ ነበር። ከዚህ በላይ ብናገር እዋሽዎታለሁ።»

እንዳለችው ጻፍኩት። ብዙ ሰው «ቀኑ ደርሶ ነው» ብሎ ሊያጽናናኝ ሞክሯል፤ የሰውን ደግነት አልገፋም፣ በቀኑም አምናለሁ። ነገር ግን ቀኑ የአላህ ነው፤ ለሐኪም መናገር ደግሞ የእኔ ድርሻ ነበር። ይህን የምታነቡ ሚስቶች፣ ባላችሁ ሐኪም ፊት ደህና ነኝ ሲል እናንተ የምታውቁትን ተናገሩ፤ ይቆጣል፣ ከዚያ ይስቃል። ባሎችም እንዲሁ። ስለ ላቡ፣ ስለ ማሳከኩ፣ ስለ ቀበቶው ተናገሩ። በሽታው ቲቢ ሆኖ ቢገኝ ምንም አልከሰራችሁም። ሌላ ከሆነ ደግሞ ሰዓዳን አስቡ፤ አጋሮ ቁጭ ብላ ልብስ እየሰፋች፣ ዛሬም ስለ ሁሉ ነገር እያማረረች ናት። እብጠቱ ከጠፋ ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች።

ዒዳዬን የጨረስኩ ሳምንት የተረፈውን መድኃኒት ለሌላ በሽተኛ ይሁን ብዬ ሆስፒታል ወሰድኩ። የዶክተሯ በር ክፍት ነበር። ከጌራ የመጡ አንዲት አዛውንት ፊቷ ተቀምጠዋል፤ የሚያስተረጉመው ሰው ለሌላ ሥራ ተጠርቷል። «ያምዎታል?» ትላቸዋለች በኦሮምኛ ልትል እየሞከረች። «ነጋ፣ ነጋ» ይላሉ፣ ራሳቸውን ዝቅ እያደረጉ። ዶክተሯ እኔን አየችኝ፤ ምንም ሳትለኝ ገባሁ። በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው፤ ቤቱን፣ ልጆቹን፣ ከብቱን ጠየቅኳቸው፤ ሁሉም ነጋ ነው። ከዚያ «እንዴት ነዎት?» አላልኳቸውም። «አምና ቡና ሲለቀም ይሠሩት የነበረውን፣ ዘንድሮ ምኑን መሥራት አቃተዎት?» አልኳቸው።

አዛውንቷ ቀና ብለው አዩኝ። መናገር ጀመሩ። ዶክተሯ የካርዱን ፊት ጨርሳ ገለበጠችው።

«ረቡዕም ይምጡልኝ» አለችኝ ስወጣ።

አሁን ሰኞና ረቡዕ ጠዋት ሆስፒታል ሄጄ ለሕመምተኞች አስተረጉማለሁ።